የሦስቱ ብልቃጦች ነጭ ዱቄት

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነብተሻል? እኔ ከነሽርጤ፣ ከነዱቄቴ ደህና ነኝ፤ ተመስገን።

ባለፈው አክስትሽ ወጥ ቤቴን ላስተካክልልሽ ብላ መጣች። የዱቄት ወተቱን፣ ስታርቹንና ቤኪንግ ፓውደሩን ከየጣሳቸው አውጥታ አንድ ዓይነት በሆኑ ሦስት ብልቃጦች ውስጥ ለየብቻ ገለበጠቻቸው። በትልልቅ ፊደል ስም ለጠፈችና «በይ፣ ዓይንሽ ቢደክምም ከእንግዲህ አትሳሳቺም» አለችኝ። እኔን! ሠላሳ ዓመት የጋገርኩትን!

ከዚያ ራሷ ኬክ ጋገረች። ልጄ፣ ሳይነፋ እንደ ጫማ ሶል ሆኖ ወጣ! «ቤኪንግ ፓውደር» ካለችው ብልቃጥ ቆንጥሬ በጣቶቼ አሸት ሳደርገው ሲጥ ሲጥ አለ። እንደዚያ የሚለው ስታርች ነው። «ስሙን አቀያይረሽ ነው የለጠፍሽው» ብላት ብልቃጡን ነጥቃኝ ራሷም አሸት አደረገችው።

ሁለተኛውን እኔ ጋገርኩ፤ በጣቴና በምላሴ ብቻ። ከመጋገሪያው አፍ በላይ ተነፍቶ ወጣ። ጎረቤቱ ሁሉ እስካሁን ያወራለታል።

መስመሬ ከተጣመመ ወረቀቱ ነው፤ አትሳቂብኝ።

የላክሽው ፎቶም ደርሶኛል። አክስትሽ «እንዴት አምሮባታል!» ስትለኝ፣ «የማን ልጅ መሰለችሽ!» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ፎቶሽ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነው፤ በጣቴ እየዳበስኩት እውላለሁ።

በጤና ያገናኘን።

ጋጋሪዋ እናትሽ