ከፈረሱ ያልወረደው ሰውዬ

ይድረስ ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ። እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ ከጉልበቴና ከግትርነቴ በቀር ደህና ነኝ፣ ተመስገን።

ዘንድሮ አሥራ ሁለት የጥንት መጻሕፍት እናነባለን፣ አንዳችን ሌላችንን ጥለን አናልፍም ያልነው ደንብ እንደተከበረ ነው። አምስተኛው ላይ ነኝ፤ ፊደሉን በጣቴ እየተከተልኩም ቢሆን ማንም አላገዘኝም! ሆስፒታል የገባሽ ዕለት የደረስሽበትን ገጽ ጽፈሽልኝ ነበር። እዚያው፣ ባለታሪኩ በፈረስ ወንዝ ዳር የደረሰበት ላይ፣ የቆዳ ቁራጭ ሸጉጬ ቆሜያለሁ።

ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ጫማ ሊያሰፋ በመጣ ቁጥር፣ «ጋሼ፣ ሰውዬው ዛሬም ከፈረሱ አልወረደም?» እያለ ያሾፍብኛል።

«ወንዙ ሞልቶበት ነው» እለዋለሁ።

ትናንት ግን፣ «ታዲያ መሻገር አለመሻገሩን ገልጠው አያዩም?» ሲለኝ ጫማውን ሳልጨርስ መለስኩለት።

ፖስታ ቤት ጠዋት ጠዋት ጎራ የምለው እግሬን ለማፍታታት ነው። ሠራተኛዋ ግን ገና ከበሩ ስታየኝ፣ የለም ለማለት ራሷን ትወዘውዛለች፤ ማን ጠየቃት?

ረጅም ደብዳቤ አትጻፊ፤ ማንበቡ ይደክመኛል። የደረስሽበትን ገጽ ቁጥር ብቻ በገዛ እጅሽ ጻፊልኝ። ገና እዚያው ከሆንሽም ያንኑ ቁጥር ጻፊልኝ።

ጤናውን ያብዛልሽ። አልቸኮልኩም።

አባትሽ