ገና ላልተወለዱት የሚገነፋ ገንፎ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ነርሷ ልጄ ፎዚያ ለማስተርስ አለፈች! አልሐምዱሊላህ!

እኔ እንኳ የነርሲንግ አስተዳደሩን ትምረጥ ባይ ነበርኩ። ስንቱን ሌሊት ቆማ አድራ እግሯ አብጦ ስትመጣ ውሃ የማሞቅላት እኔ ነኛ! አሁንስ ወንበር ላይ ትቀመጥልኝ ብዬ ነበር። እሷ ግን የጨቅላ ሕፃናት ነርሲንግን መርጣ አረፈችው። ጠዋት ጨርቅ ሱቄ መጥታ ነገረችኝ።

«እማ፣ ወንበሩ የትም አይሄድም» አለችኝ። «በበቆጂ ብርድ ውስጥ ያለጊዜያቸው የሚወለዱት ግን አይጠብቁኝም።»

ከሄደች በኋላ ጨርቅ ስለካ ሐሳቤ የጭላሎን ተራራ ተሻግሮ በቆጂ ሄደ። ጉሙ መሃል ፎዚያ ትታየኛለች፤ መዳፍ የምታክል ሕፃን እናቷ ደረት ላይ አስተኝታ ጋቢ ታለብሳታለች። ሕፃኗ ስትሞቅ፣ ጉንጯ ቀላ ሲል ሁሉ ታየኝ። ለካ መቀሱን ይዤ ቆሜ ቀርቻለሁ።

ጨርቁን የሚጠብቁት ጎረቤቴ እትዬ ሙሚና ሳቁብኝ። «አንቺ፣ ትቆርጪዋለሽ ወይስ ታልሚበታለሽ?»

ነገርኳቸው። ገንፎ እንደማገነፋም ነገርኳቸው።

«ገንፎ? ደግሞ ማን ወለደ?»

«ገና ናቸው፣ እትዬ። ፎዚያ ለምታሞቃቸው ሕፃናት ቀድሜ ላገንፋ ብዬ ነው።»

እሳቸውም ስቀው ሳይጨርሱ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ፎዚያ ለትምህርት ስትሄድ ቤቱ እንዴት እንደሚሆን እንጃ... ቅቤው ግን ተነጥሯል። ገንፎው እሁድ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው፤ ሁሩታ ያለችው እህቴም ብትሆን ቀረሁ ማለት የለም፣ ሁሉም ይምጣ!