ለጣራችን የመጣው መሰርሰሪያ ኮኮናት ስለ መፋቁ

ለተከበሩ የቫቱዊሊ መንደር ሹም፣ ለአቶ ሳኬያሲ
ባሉበት ሆቴል

ክቡር ሹማችን፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤንነትዎን ሁኔታ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። የአውራጃውን አስተዳዳሪ ለመሸኘት በሄዱበት ከተማ፣ በዚያ ባለ ፎቅ የሲሚንቶ ሆቴል ውስጥ፣ መስኮቱ በሚገባ ይገጥማል? አልጋውስ ይመቻል? ማንኛውም ጀልባ ከወደብ እንዳይወጣ መከልከሉን ሬዲዮው ትናንት ሲናገር፣ እርስዎ በደረቁና በጠንካራው ቦታ መቅረትዎን አውቀን መንደርተኛው ሁሉ እፎይ ብሏል። እኛም እስከዚህ መስመር ድረስ ደኅና ነን። ከዚህ መስመር በኋላ ስላለው ግን ልዋሽዎ አልፈልግም፤ ነፋሱ ከጠዋት ጀምሮ በባሕሩ በኩል ዞሯል፣ ሰማዩ በአንድ ወገን ብቻ ጠቁሯል፣ ወፎቹም ከትናንት ወዲህ አይሰሙም። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሹማችን። ጽሕፈቴ የተንጋደደው መዳፌ ስለ ተላጠ ነውና እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ።

ደብዳቤዬን በፖስታ አሽጌ ከመላክ ይልቅ ያለፈ ያገደመ ሁሉ እንዲያነበው በቤትዎ በር ላይ እንዲለጠፍ ማድረጌ እርስዎን ለማሳፈር አይደለም። ለእርስዎ ያለኝ ምስጋና ለአንድ ሰው ጆሮ ብቻ የሚበዛ ሆኖብኝ ነው።

አንደኛ፤ ስለ መሰርሰሪያው አቀማመጥ። ያለፈው አውሎ ነፋስ የቤታችንን ጣራ ነቅሎ ማንጎው ላይ ከሰቀለው በኋላ፣ መንግሥት ለእያንዳንዱ ቤት ጣራን ከግድግዳ ጋር የሚያስሩ የብረት ቀበቶዎች፣ ለመንደሩ ደግሞ በባትሪ የሚሠራ አንድ መሰርሰሪያ መላኩ ይታወሳል። ቀበቶዎቹን ሰጡን፤ መሰርሰሪያውን ግን እንዳይጠፋብን ሰግተው በራስዎ አልጋ ስር አስቀመጡልን። በጋውን ሙሉ እየተመላለስኩ ስጠይቅዎም አንድ ቀን እንኳ ፊትዎን ሳያጠቁሩ፣ «አንቺ ኡናይሲ፣ ሰማዩ እንዲህ ጠርቶ ሳለ ምን ያስቸኩልሻል? ሲደርስ እንደርሳለን» እያሉ በፈገግታ ሸኙኝ። ቀበቶዎቹ ከበሩ ኋላ ተንጠልጥለው ከረሙ። ዝናብ በሚያካፋ ጊዜ የታጠበ ልብስ ስለ ሰቀልኩባቸው ፈጽሞ ያለ ጥቅም ተቀመጡ ማለት አይቻልም።

ሁለተኛ፤ ስለ ግብዣው። የአውራጃው አስተዳዳሪ መንደራችን ለአውሎ ነፋስ ምን ያህል እንደ ተዘጋጀ በዓይናቸው ለማየት በመጡ ጊዜ፣ ለዚያ ሁሉ ዓሣና ጎደሬ የሚበቃ የኮኮናት ወተት በእጅ ፍቆ ማድረስ የማይታሰብ ነበር። እርስዎ ግን መላ አያጡምና የመፋቂያውን ክብ ብረት ከነዘንጉ በመሰርሰሪያው አፍ ውስጥ ከተው፣ ጥርቅም አድርገው አስነክሰው አሽከረከሩት። ነጩ ኮኮናት እየተፈናጠረ እስከ ጢምዎ ሲደርስ «እዩ! እዩ እንጂ! የትኛው መንደር ነው እንዲህ ያለ ማሽን ያለው?» ብለው ጮኹ፤ ሁላችንም ሳቅን፣ እኔም ሳቅሁ። ዓሣው እንደ ጣፈጠ አልክድም። አስተዳዳሪውም ያንጎና የተባለውን የሥር መጠጣችንን በዋንጫ ጨልጠው፣ ካለፈው አውሎ ነፋስ ወዲህ በሸራ በተሸፈነው አዳራሻችን ውስጥ ቆመው፣ ቫቱዊሊ ለአደጋ በመዘጋጀት ለሌሎች አርአያ መሆኗን ረዘም ባለ ንግግር ገለጹ። በዚያች ሰዓት አርአያ ያደረገን መሰርሰሪያ ጓዳ ውስጥ ወተት እየተንጠባጠበበት ተጋድሞ ነበር። ማንም አላጠበውም።

ሦስተኛ፤ ስለ መሰርሰሪያው አፍ። ይህ ረዘም ይላልና እንደ ልማድዎ በትዕግሥት ያንብቡልኝ። ሬዲዮው ዛሬ ማለዳ ማስጠንቀቂያውን ሲናገር አቅም ያለው ሁሉ ልጆቹን ይዞ ወደ ኮረብታው ዋሻ ወጣ። ባለቤቴ ነታኒ እንደሚያውቁት የጀልባ ሞተር ሲያወርድ ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አልተነሣም፣ ያንን ጭቃማ ዳገትም ሰው ተሸክሞ የሚወጣው የለም። ስለዚህ እኛ የምንጠለለው በገዛ ጣራችን ስር ነው፤ ጣራው ከሄደ እኛም መሄዳችን ነው። እየሮጥኩ ወደ ቤትዎ መጣሁ። ባለቤትዎ ቲቲሊያ መሰርሰሪያውን ከአልጋው ስር ጎትታ አወጣችና፣ «ያው እህቴ፣ ውሰጂው። ግን ከግብዣው ወዲህ አፉን አልከፍት ብሏል» ስትል ዓይኔን ማየት አልቻለችም።

መፋቂያው እንደ ተነከሰ ነበር። ወተቱ ደርቆ ሙጫ ሆኗል፤ በዚያም ላይ ከግብዣው በፊት ለአስተዳዳሪው መኝታ መጋረጃ ሊሰቅሉ ግድግዳውን ሲበሱ የገባው የሲሚንቶ ብናኝ ተለውሶበት፣ ፑንታውን፣ ማለትም መብሻውን ብረት፣ የሚይዙት ሦስቱ መንጋጋዎች አንድ ድንጋይ ሆነዋል። ሽታውን አልገልጽልዎትም። ከውስጡ ጉንዳን ይወጣ ነበር።

ነታኒ የአክስትዎ ልጅ ነው፤ በልማዳችንም የአክስትና የአጎት ልጆች እንዳሻቸው ይሰዳደባሉና ያለውን ቃል በቃል ባደርስዎ እንደማይቀየሙ አምናለሁ። መሰርሰሪያውን አገላብጦ አሸተተና፣ «እኔ ሳኬያሲ የሚቀልበው ሆዱን ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ዕቃውንም ያበላል!» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ የጣራውን ማገሮች ይቆጥር ጀመር። ከነፋሱ ይልቅ ያስፈራኝ ያ ቆጠራ ነው፤ በትዳር ዘመናችን ሁሉ ነታኒ ቀልድ ሲያልቅበት አይቼ አላውቅም።

ላምባ አፈሰስኩበት። በፈላ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ጠመጠምኩበት። አንዱን ጫፍ በፒንሳ ይዤ ሌላውን በእጄ ስጠመዝዝ የመዳፌ ቆዳ ተላጠ፣ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። መዶሻ ሳነሣ ነታኒ ከአልጋው ላይ፣ «አትደብድቢው፣ ኡናዬ! ዙሪያውን ነካ፣ ነካ፣ ነካ! እንደ እንቁላል!» እያለ ይጮህ ጀመር። በዚህ መካከል የወጥ ቤቱ ቆርቆሮ አንድ ጊዜ ብድግ ብሎ ተመለሰ። ሁለታችንም ሰማነው፣ ሁለታችንም እንዳልሰማን ሆንን። በመጨረሻ ቀጭ አለና ለቀቀ፤ መፋቂያዎ እግሬ ላይ ወደቀ።

በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። አፉ ግን እስከ ግማሽ እንጂ አልከፈትም አለ፤ ለሲሚንቶ ግድግዳ የሚሆነው ወፍራም ፑንታ ደግሞ በግማሽ አፍ አይገባም። ሙሉ በሙሉ ፈትቼ ማጠብ ነበረብኝ። በአፉ ውስጥ፣ ወደ ጉሮሮው፣ አንዲት ብሎን አለች። ማንኛውንም ብሎን እንደምፈታው ካቻቪቴዬን ወደ ግራ አዞርኩ። ጠነከረች። በክብደቴ ሁሉ ተጭኜ አዞርኩ። የባሰውን ጠነከረች። ነታኒ ዘግይቶ ነው ያየኝ፤ ሊነሣ ሲቃጣው በሕመም ጮኸና፣ «ቁሚ! ቁሚ! እሷ ብሎን የምትፈታው በግልባጩ ነው! ወደ ቀኝ! ጭንቅላቷን ከበላሽው አለቀልን!» አለ። «ታዲያ ቀደም ብለህ አትናገርም?» አልኩት እያለቀስኩ። «ያልኩሽን ሁሉ በግልባጩ ስታደርጊ ስለ ኖርሽ ዝም ካልኩ ትክክል ታደርጊያለሽ ብዬ ነዋ!» አለኝ። እንባዬን ሳልጠርግ ሳቅሁ፤ ወደ ቀኝም አዞርኩ፣ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ያለው የእጅ ሥራ ነው። አፉን ከግንዱ ፈትቼ ሳህን ላይ አስቀመጥኩና በላምባ ዘፈዘፍኩት፤ በመንጋጋዎቹ መሐል ያለውን በጃንጥላ ሽቦ ጎረጎርኩ፣ የቀረውን በጥርስ ብሩሽ ፋቅሁ። ቢጫ፣ የሻገተ፣ ብስብስ ያለ የግብዣዎ ትራፊ ነበር የሚወጣው። አጥቤ ሳደርቀው በእኛ ቤት ሁሉን የምንቀባውን የኮኮናት ዘይት ለማንሣት እጄን ዘርግቼ ደነገጥኩና፣ በምትኩ ከስፌት መኪናዬ ዘይት ጠብ አደረግሁበት። ገጣጥሜ ሳዞረው አፉ ያለ ምንም ድምፅ ተከፈተ፤ ያለ ምንም ድምፅ ተዘጋ። ተንበርክኬ አመሰገንኩ። እርስዎን ማለቴ አልነበረም፣ ይቅርታ።

ነገር ግን ቀኑ ተጋምሶ ነበር፤ መብራትም ጠፍቷልና ባትሪውን መሙላት አይቻልም። በውስጡ የነበረው ከኮኮናቱ የተረፈው ኃይል ብቻ ነው። እያንዳንዱን ቀዳዳ ስበሳ ድምፁ ሲደክም እሰማ ነበርና መጀመሪያ የባሕሩን ወገን፣ ከነታኒ በላይ ያለውን፣ አሰርኩ። ወደ ኮረብታው ወገን መሰላሉን ሳዞር በራችን ተንኳኳ።

አራተኛ፤ ስለ ልማዳችን። ያንኳኳችው ባለቤትዎ ቲቲሊያ ነበረች። ድልድዩ «ሲደርስ» የሚሠራ በመሆኑ ወንዙን እስከ ወገቧ ገብታ ነው የተሻገረችው። ደጃፌ ላይ በእርጥቡ ቁጭ አለችና እጆቿን አጋጥማ የልመናችንን ቃል፣ «ኬሬኬሬ»ን፣ አለች። «ኬሬኬሬ እህቴ፣ አማቴ ማኬሬታ ዋሻው ድረስ መውጣት አልቻለችም። ልጆቹን ልኬ እኔና ወንድሜ ኪቲዮኔ ከእሷ ጋር ቀርተናል። የእኛም ጣራ እንዲሁ ነው። ቀበቶው ከነወረቀቱ ነው ያለው።» በእኛ ዘንድ ይህ ቃል ከተነገረ በኋላ እምቢ እንደማይባል እርስዎ ራስዎ በየስብሰባው ያስተማሩን ስለ ሆነ አላስረዳዎትም። ለእኔም ቢሆን አንድ ቀን እንኳ እምቢ ብለውኝ አያውቁም፤ «ሲደርስ» ነው ያሉኝ።

እውነቱን ልንገርዎ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። መሰርሰሪያውን ደረቴ ላይ ለጥፌ ይዤ፣ ያልታሰረውን ወገን አየሁ። ነታኒ ግን ከአልጋው፣ «ስጫት» አለ። «ሳኬያሲ ቢለምንሽ ኖሮ ራሱን በመፋቂያው ትፍቂው ነበር። የለመነችሽ ለአሮጊቷ ነው፤ ስጫት።» ሰጠኋት። ኃይል ከተረፈው ኪቲዮኔ መልሶ ሊያመጣልኝ ተስማምተን ሄደች። እነሆ እሱን እየጠበቅሁ፣ የቆርቆሮውን ጩኸት ላለመስማት፣ ይህንን እጽፍልዎታለሁ።

እንግዲህ ጊዜዎን ይበልጥ ላለመሻማት በዚሁ አበቃለሁ። በጋውን ሙሉ ላሳዩኝ ፈገግታ፣ ለጣፋጩ ዓሣ፣ የመሰርሰሪያ አፍ እንዴት ተፈትቶ እንደሚታጠብ በዚህ ዕድሜዬ እንድማር ስላበቁኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ግማሽ ጣራዋ በብረት የታሰረ፣ ግማሹ በክቡርነትዎ «ሲደርስ» የታሰረ፣
ሁልጊዜ አክባሪዎና ታዛዥዎ
ኡናይሲ፣ የነታኒ ባለቤት

ከፊርማዬ በኋላ፦ ኪቲዮኔ አሁን ደረሰ። ውሃው ደረቱ ድረስ ሆኗል፤ መሰርሰሪያውን በላስቲክ ጠቅልሎ በራሱ ላይ ተሸክሞ ነው የተሻገረው። የእርስዎ ጣራ ዙሪያውን እስከ መጨረሻው ቀበቶ ታስሯል፣ እንኳን ደስ አለዎት። ባትሪው የሞተው በመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ነው። «እትዬ፣ ምነው ባልጨረስኩት፣ ላንቺ ላስተርፍ ነበር» ብሎ ልጁ አለቀሰብኝ። ነታኒን በጀርባዬ ወደ ቤትዎ ላሻግር ቢልም ነታኒ፣ «ሂድ ወደ እህትህ! ወንዝ መሐል አንተ ከምትጥለኝ ጣራው ይጣለኝ፤ ቢያንስ ጣራው የራሴ ነው» ብሎ አባረረው።

መፋቂያዎን አጥቤ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር፣ ደጃፌ ላይ በሚጠብቀው በኪቲዮኔ እጅ ልኬልዎታለሁ። ሲመለሱ የቤታችንን ቆርቆሮ ግቢዎ ውስጥ ካገኙት፣ እኛ ያለነው በባሕሩ ወገን ጥግ፣ ከስፌት ጠረጴዛዬ ስር ነው። መጀመሪያ ነታኒን ያውጡልኝ፣ እሱ መንቀሳቀስ አይችልም። እኔ እጠብቃለሁ፤ መጠበቅን በጋውን ሙሉ አስተምረውኛል።