የቁም እድር

ቢጠና፣ ጥቅምት 1996 ዓ.ም.

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

ከሁሉ በፊት ጥቁር ልብስሽን አውልቂ። ይህን የምጽፍልሽ እኔው ነኝ፤ በገዛ እጄ፣ ደጄ ላይ ከእንሰቱ ጥላ ሥር ተቀምጬ። እንደምን አለሽልኝ? ልጆቹስ? ባለቤትሽስ? የመተሐራ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ስልሽ የሰላምታ ደህና እንዳይመስልሽ። እህል ይበላልኛል፣ እንቅልፍ ይወስደኛል፣ ባለፈው ቅዳሜ ገበያ በእግሬ ደርሼ ተመልሻለሁ።

መርዶውን ያመጣችብሽ የአጎታችን ልጅ ፈጠነች እንደ ስሟ ፈጥና ነው ጉድ የሠራችን። ግን አትፍረጂባት፣ ያየችውን ነው የተናገረችው።

ከጥምቀት ወዲህ ደም ይፈሰኝ ነበር። ለማን ልናገር? ለባሌ ለመልካሙ ብነግረው በሬውን እንደሚሸጥ አውቃለሁ። በሬው ከተሸጠ ደግሞ መሬታችን ጦሙን ሊያድር ነው። እናታችንስ ብትሆን እንዲሁ ዝም እንዳለች አይደል የሄደችብን? እኔም የእሷ ልጅ ነኝና ወገቤን በመቀነት ጠፍሬ ዝም አልኩ። ግንቦት ላይ ጓሮ ጎመን ስቀነጥስ ወደቅኩ።

ጎረቤት ተሯሯጠ። ለመሸከሚያ በቅርብ የተገኘው የእድራችን ቃሬዛ ብቻ ሆነ። ያ ቃሬዛ ሬሳ እንጂ በሽተኛ ተሸክሞ አያውቅም፣ የሚነካው የለም። ሸክላ ሠሪው ሶርሳ ግን ምን ገዶት፣ መጀመሪያ ያነሳው እሱ ነው። አጋደሙኝና ፀሐይ እንዳይመታኝ ነጠላ ፊቴ ላይ ጣል አድርገው ወደ መኪናው መንገድ ይዘውኝ ወጡ። እንግዲህ ይህንን ያየ ሰው ምን ይበል? ፈጠነች ዝንጅብሏን ጭና ወደ እናንተ አገር ስትሄድ ከሚከንፍ አይሱዙ ላይ ሆና አየችን፤ እሪ እንዳለች መኪናው ይዟት ነጎደ። ሰፈሩ ደግሞ አልቦዘነም፣ ደጄ ላይ ድንኳን ተከለ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ተከተሉን።

መንገድ ዳር መኪና ስንጠብቅ ደረሱብን። ጩኸቱ ቀሰቀሰኝና ነጠላውን ገለጥ አድርጌ ማን ሞተ ብዬ ጠየቅኩ። ኧረ ያን ጊዜ ብታዪ! ጎረቤቴ ዓመለወርቅ እዚያው ተዘረረች፣ ለእሷም ሌላ ቃሬዛ ልንፈልግ ነበር።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ዳልጮም ከለቀስተኛው መሃል ቆመዋል። ለሟች ቤተሰብ የሚሰጠውን የእድር ገንዘብ በደረት ኪሳቸው ይዘዋል። መልካሙ በአንድ በኩል በሬዬን የሚገዛኝ እያለ ሰው ይለምናል። እኔ ዓይኔ የጋሽ ዳልጮ ኪስ ላይ ነው። ያ ገንዘብ የእኔ ነው አልኳቸው። አይደለም፣ ስትሞቺ ነው ያንቺ አሉኝ። ድንኳኔ ተተክሏል፣ ተለቅሶልኛል፣ የቀረኝ መሞት ብቻ ነው፤ እሱን ልተወውና በቁሜ ስጡኝ አልኳቸው። ሰው እያለቀሰ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ቃሬዛውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ለዛሬ ብቻ እያሉ ኪሳቸውን ከፈቱ።

ኦቶና ሆስፒታል ወስደው ኦፕራሲዮን አደረጉኝ። ማህፀኔ ውስጥ እጢ ነበር፣ ወጣ። ዶክተሩ ይህ ነገር ቀደም ተብሎ ከተመጣ የሚድን ነው አሉኝ። እናታችን ትዝ አለችኝና አልጋው ላይ ሆኜ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ለካ የሚድን ነበር!

ተሽሎኝ ቤቴ ስገባ ያ ለዛሬ ብቻ የሚሉት ነገር አላስቀምጥ አለኝ። ነገ ለምትወድቀዋ ማን ይከፍትላታል? ስብሰባ ይጠራልኝ አልኩ። ጤነኛውም ያዋጣ፣ ሕመምተኛውም ያዋጣ፣ የታመመ ይታከም አልኩ። ባለሱቁ ወልደመስቀል ብድግ ብሎ እኔም ልጆቼም ታመን አናውቅም፣ ለምን ብለን እንከፍላለን አለ። እንኳን አልታመማችሁ አልኩት። ይኸው ይህን ሁሉ ዘመን ለእድር ስትከፍል አልሞትክም፣ አልሞትኩምና ገንዘቤ ይመለስልኝ ብለሃል ወይ አልኩት። ቁጭ አለ።

ዋናው ጭቅጭቅ የመጣው ስለ ሶርሳ ነው። ሸክላ ሠሪ እድራችን ገብቶ አያውቅም፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። አባቶቻችን ያላደረጉትን እያሉ አጉረመረሙ። እኔ ነደደኝ። ሶርሳ ሲሸከመኝ ትከሻውን የማን ነህ ከየት ነህ ያለው የለም፣ ሚስቱ ስትታመም ነው የዘር ቆጠራው የሚመጣው? እሱ ካልገባ እኔም ወጣሁ አልኩ። ሁለት ሽማግሌዎች ተቆጥተው ስብሰባውን ጥለው ሄዱ። በሁለተኛው ስብሰባ ግን ሶርሳ ገባ፣ ሌሎቹም ሸክላ ሠሪዎች ተከትለውት ገቡ። እስካሁን በመዋጮው የዓመለወርቅ ልጅ ታክሞ ድኗል፣ የሶርሳም ሚስት በሰላም ተገላግላለች።

ታዲያ ይበቃል እያልኩሽ አይደለም። ከባድ በሽታ በአንዴ ሁለት ሰው ላይ ቢመጣ የእኛ እድር አቅሙ ያልቃል። እድር የሌለውስ ሰው? ከወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የመጣውን ልጅ፣ አገሩ ሁሉ አንድ እድር ይሁን፣ መንግሥት ዳኛ ሆኖ ይክፈልልን አልኩት። መጀመሪያ ሳቀብኝ። ሊሄድ ሲል ደግሞ ተመልሶ፣ እስቲ ያልሽውን ድገሚልኝ አለኝ። ደገምኩለት። በእኔ ዕድሜ ባይሆን በልጆቻችን ይሆናል፣ ተስፋ አለኝ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ፈጠነች እናንተ ዘንድ ከርማ ያለፈው ሳምንት መጣች። ደጄ ላይ ስታየኝ ዘንቢሏን ጥላ አማተበች። መርዶ እንደደረሰሽ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ስትረጋጋ ስለ አንቺ ጎትጉቼ አወጣጣኋት። ለእኔ ለማልቀስ ስትነሺ ግድግዳ ይዘሽ ተቀመጥሽ አሉ። ከንፈርሽ ነጥቷል አሉ። ጨርቅሽን ከሰው ተደብቀሽ ከጓሮ ነው የምታሰጪው አሉ። ከዚህ በላይ አልጽፍም። እኛ የአንድ እናት ልጆች ነን፣ ይገባሻል።

ዛሬ ጠዋት ጋሽ ዳልጮ ቤት ሄድኩ። እህቴን እድሩ መዝገብ ላይ ጻፉልኝ አልኳቸው። እሷ መተሐራ ናት፣ የእኛ እድርተኛ አይደለችም አሉኝ። ብትሞት ግን አስከሬኗን ተቀብለን እዚሁ እንቀብራት የለም ወይ? ሞታ የእኛ ከሆነች በሕይወቷስ የማን ናት አልኳቸው። መዝገባቸውን ገለጡ። ከዚያ ትምጣ አሉ። እህቴ፣ ትምጣ ነው ያሉት!

ፈጠነች እንዳለችኝ ለመንፈቄ ልትመጪ ጓዝሽን አስረሻል። አትፍቺው። በእሱው ነይልኝ።

ከአውቶቡስ ስትወርጂ እዚያው ቆሜ ታገኚኛለሽ። ድካምሽን ያቅልልሽ፣ ልጆችሽን በዓይንሽ ሥር ያሳድግልሽ። እናታችን ያላየችውን ሽበት አንቺ እይው።

ያለቀስሽላት
ታላቅ እህትሽ