የአባባ ሞተር ሳይክል ቤንዚን ቱቦ

ይድረስ ለወንድሜ፣ ባለህበት ሰላምታዬ ያግኝህ። እኛም ገበያውም ደህና ነን።

የአባባ አሮጌ ሞተር ሳይክል ካርቡራተሩ ጋ ቤንዚን ያንጠባጥባል። የደረቀውን የጎማ ቱቦ ቀይሮ ማሰሪያውን ማጥበቅ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው፤ ዕቃውም ሱቄ ሞልቷል። እኔ ግን "ቱቦው አልመጣም" እላቸዋለሁ።

"ለመላጣ ማበጠሪያ የምትሸጪው ልጅ ዕቃ አጣሽ?" ብለው ይስቃሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ እንደ አዲስ፣ "ልጄ፣ ቱቦው መጣ?" ይላሉ።

ባለፈው ወር በሞተሩ ዳቦ ሊገዙ ወጥተው፣ በማግስቱ ፖሊስ ከሌላ ከተማ አመጣቸው። ከዚያ ወዲህ እሳቸውን ስጠብቅ ዕቃ ለማምጣት እንኳ ከሱቅ አልወጣሁም።

ትናንት መልስ ቢያልቅብኝ፣ "ወንድሜ ይዞት ይመጣል" አልኳቸው። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው በር ላይ ተቀምጠዋል።

ጤናህን ጠብቅልን።

እህትህ