ስምህ የተቸነከረበት ባሕር ዛፍ

ጌትዬ፣ የኔ ዓለም፤

ከተለየኸኝ ዓመት አለፈ፤ ሙት ዓመትህም ወጣ። ካህናቱ ጸለዩልህ፣ ዘመድ በላ ጠጣ፣ ተበተነ። ቤቱ ደህና ነው። ልጃችን ማርታ ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ክፍል ተከራይታ ወጥታለች። ለትምህርቷ እንዲቀርባት ነው ትላለች፤ እኔ ግን ባዶ ወንበርህን ላለማየት ይመስለኛል፣ አልፈርድባትም። የጓሮው ማንጎ ዘንድሮ አላፈራም። ልብሶችህን ለወንድምህ ሰጠሁት፤ እሱም ሳያመሰግን ወሰደ፣ ታውቀው የለም።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ቤቱ አይደለም። የሥራ ባልደረቦችህ በስምህ ስላደረጉት ነገር ነው። ለሌላ ሰው ብናገረው ሐሜት ይሆንብኛል፤ ለአንተ ግን ምን አፍራለሁ?

ስድስት ቀን ሙሉ የፋብሪካ ማሽን ሲጮህበት የሰነበተው ጆሮህ እሑድ ሲደርስ ዝምታ ይርበው ነበር። ሌላው ሰው ሐይቁ ዳር ጭማቂ ቤት ተኮልኩሎ ዘፈን ሲያስጮህ፣ አንተ የሐይቁን ዳር ይዘህ ከከተማው ትወጣና ጫካህ ውስጥ ትገባለህ። የአዲስ አበባ ልጅ! ለእኛ ለገጠሮቹ ጫካ እንጨት የሚለቀምበት ነው፤ ሰው ሊዝናና ብሎ ጫካ ሲገባ በአንተ አየሁ። እናቴማ «ልጄን ለምን ዓይነት ሰው ነው የሰጠኋት?» ብላ ሰንብታለች።

እኔንም ጎትተህ ወሰድኸኝ። ምንጩ ወደ ሐይቁ የሚወርድበት፣ ደንገሉ የሚጀምርበት ቦታ አስቀመጥኸኝና ማሳል እንኳ ከለከልኸኝ። ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲወረወሩ፣ ያ አረንጓዴ ወፍ ክንፉን ሲገልጠው ቀይ ሲሆን፣ ትንፋሽህን ትይዛለህ። ምሳችንን እንኳ እዚያ እንድንበላ ፈቅደህ አታውቅም፤ ጦጣ የሰው ምግብ ከለመደ ይበላሻል እያልህ ተርቤ ትመልሰኛለህ። እውነቱን ልንገርህ፣ ጫካህን ወድጄው አላውቅም። እኔ የማየው አንተን ነበር። እንደዚያ ያለ ፊት ቤት ውስጥ አልነበረህም።

ወደ ሰለሞን ልምጣ፣ ወደ አለቃህ። ከሙት ዓመትህ በፊት ሦስት ሰዎች አስከትሎ ቤቴ መጣ። «ወይዘሮ አልማዝ፣ ጌታቸው ጫካ ይወድ ነበር። እዚያው በስሙ መታሰቢያ ልንሠራለት ተስማምተናል» አለኝ። ምን ዓይነት መታሰቢያ መሰለህ? ቁጥቋጦውን መንጥረው ወንበር ሊደረድሩ፣ የሥጋ መጥበሻ ሊሠሩ፣ በትልቅ ሰሌዳ ስምህን ሊጽፉ። ቤተሰብ እየመጣ የሚዝናናበት ይሆናል አሉ። ቦታውን የማውቀው እኔ ብቻ ስለሆንሁ እንድመራቸው ፈለጉ።

አልዋሽህም፣ «ስሙ አይጠፋም» ሲሉኝ ሆዴ ባባ። ዕድሜህን ሙሉ በዚህ ከተማ ሠርተህ ስምህ ያለው መቃብርህ ላይ ብቻ ነው። ሰው ቆሞ ቢያነበው፣ ጌታቸው ማን ነበር ብሎ ቢጠይቅ ብዬ ተመኘሁ። እሽ አልኋቸው።

እሑድ ጠዋት አውቶቡስ ደጃፌ ላይ ቆመ። ብታያቸው! ሁሉም ፎቶህ የታተመበት ነጭ ቲሸርት ለብሰዋል፤ ያውም ያ በከረባት አንገትህ ታንቆ የተነሣኸው የመታወቂያ ፎቶ። የሰለሞን ሆድ ፊትህን ወጥሮት ጆሮህ ብብቱ ስር ገብቷል። አንድ በግ ጣሪያው ላይ ታስሯል። ሕፃን ልጅ የሚያክል ስፒከር የፊቱን ወንበር ይዟል። ለጦጣዎቹ ብለው ደግሞ ብስኩት በካርቶን ገዝተዋል።

ሾፌሩ «በየት ልንዳው እናቴ?» አለኝ። ስፒከሩን አየሁት፤ ብስኩቱን አየሁት። «በመሸንቲ መንገድ» አልሁት።

ለሐይቁ ጀርባችንን ሰጥተን ሄድን። እነዚህ ሰኞ ሰኞ ሻይ ላይ ስለ ጉማሬ ስታወራላቸው የኖርህ ሰዎች ናቸው፤ ከደንገሉ ሲወጣ፣ ጀልባ ሲያሳድድ፣ ሁሉንም ነግረሃቸዋል። ታዲያ መሸንቲ ጉማሬ ምን ውስጥ ሊዋኝ ነው? ይህን የሚጠይቅ አንድ ሰው እስኪገኝ ጠበቅሁ። እግዜር ያውቃል፣ አንድ ሰው አፉን ቢከፍት አውቶቡሱን አስመልሼ እውነተኛውን ቦታ ላሳየው ነበር። እነሱ ግን እያጨበጨቡ መዝፈናቸውን ቀጠሉ።

አንድ ገበሬ ለሽያጭ የተከለው ባሕር ዛፍ ዳር አወረድኋቸው። ከስሩ ሣር እንኳ አይበቅልም፤ ወፍ ዝር አይልበትም። «ወይ አየሩ!» አሉ። በጉን አረዱ፤ ዘፈኑን ለቀቁት። ገበሬው ምን መጣብኝ ብሎ እየሮጠ ደረሰ፤ የሟች መታሰቢያ ነው ሲሉት ከንፈሩን መጠጠና ቁጭ ብሎ ሥጋውን ተካፈለ። ከሁሉም እሱ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ አውቀዋለሁ አላለም።

ሰለሞን ግን ቆሞ ንግግር አደረገ። «እኔና ጌታቸው እዚህች ዛፍ ስር ስንት ጊዜ ተቀምጠናል!» አለ፣ እንባውም መጣ። ጌትዬ፣ ዛፏ ገና የትናንት ተክል ናት፤ እሱም አንድ ቀን እንኳ አብሮህ ወጥቶ አያውቅም። ሌሎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። አንዷ ደግሞ «ያው ጉሬዛው!» ብላ ጮኸች። ሁሉም ስልኩን አወጣ። ቅርንጫፍ ላይ የተሰቀለ የማዳበሪያ ከረጢት ነበር፤ እሱንም ፎቶ አነሡት።

ጥቂት የሚያውቅህ ሰው ቢኖር ጌታቸው እዚህ አይቀመጥም ይል ነበር። የለም። በአንድ ጣሪያ ስር አብረውህ አረጁ፤ ቀብርህ ላይ ደረታቸውን መቱ፤ ምን ትወድ እንደነበር ግን አንዱም ጠይቆህ አያውቅም። ናቅኋቸው። ቂም አይደለም፣ ንቀት ነው፤ ቂምማ ለሚያህልህ ሰው ነው የሚያዘው። ሰሌዳውን ግንዱ ላይ ቸነከሩት፣ ስምህ በቀይ ቀለም። ገበሬው ዛፉን ቆርጦ ሲሸጠው አብሮ ይወርዳል፤ ይውረድ። ሰለሞን በየዓመቱ እንመጣለን ብሏል፤ እኔም በደስታ ነው የምወስዳቸው።

በሳምንቱ ብቻዬን ወደ ሐይቁ ሄድሁ። የሄድሁት ላለቅስ ነበር። ለቅሶ ቤት ሰው ሲያየኝ፣ ሙት ዓመት ላይ እንግዳ ሲበዛብኝ፣ አንድም ቀን እስኪበቃኝ አላለቀስሁልህም። ምንጩ ጋ ተቀመጥሁ። ማንም እንደማይሰማኝ አይቼ አፌን ልከፍት ስል አንዲት ድኩላ ከደንገሉ ወጣች፤ አሁን ከምጽፍበት እስከ ቤታችን በር ያለውን ያህል እንኳ አትርቅም። የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ጎሰጎስሁ። ትጠጣለች፣ ቀና ትላለች፣ ጆሮዋን ታዞራለች፣ እንደገና ትጠጣለች። ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ፤ አልተነፈስሁም። ጠጥታ ስትጨርስ ቀስ ብላ ወደ ጫካው ገባች። ከዚያ በኋላ ነጠላዬን ከአፌ አውጥቼ አለቀስሁልህ።

እግሬ እስከቻለኝ ድረስ እዚያ እየተቀመጥሁ አስታውስሃለሁ። ጫካው የት ነው ለሚለኝ ሁሉ ግን መልሴ አንድ ነው፤ በመሸንቲ መንገድ።

አልማዝህ