ሃያኛው ሰው የመጣበት ቀን

ጥቅምት 11
ዛሬም ሙቀት። የሒሳብ መምህራችን ኡስታዝ ሉጥፊ ከሐኪም ቤቱ ወረቀት ይዘው መጡ። አምና በካላዛር የታከሙ አርባ ሰዎች ትኩሳት በጀመራቸው በስንት ቀናቸው እንደመጡ የሚያሳይ። ስም የለበትም፣ ቁጥር ብቻ። «የተጠራቀመውን ድግግሞሽ ኩርባ ሥሩና መካከለኛውን አውጡ» አሉ።
የመጨረሻው መስመር፦ ከ60 እስከ 70 ቀን፣ 1 ሰው።
ስም አላስፈለገኝም። ወንድሜ ደረሰ ነው። በስልሳ ሦስተኛ ቀኑ ሐኪም ቤት ገባ። በአራተኛው ቀን ሬሳውን አወጣን።

ጥቅምት 13
ትኩሳቱ ከጀመረኝ ሃያኛ ቀኔ። የወባ ኪኒን ለሁለተኛ ጊዜ ጨረስኩ። ደረሰም ወባ ነው ብሎ ሦስት ጊዜ ውጧል... ለማንም አልተናገርኩም። እማዬ በሐኪም ቤቱ በኩል እንኳ አታልፍም። «ያ ቤት ልጄን በላ» ትላለች።

ጥቅምት 20
ኩርባውን ሠራሁ። የመጡትን ሰዎች በየአሥር ቀኑ እየደመርኩ ወጣሁ፦ 2፣ 9፣ 20፣ 30፣ 36፣ 39፣ 40። የአርባ ግማሽ ሃያ። ከሃያ በአግድም ወደ ኩርባው፣ ከዚያ ቁልቁል። ሃያ አምስት ቀን ላይ አረፈ።
እኔ ሃያ ሰባት ላይ ነኝ። ግማሹ ሰው ቀድሞኛል። በግራ በኩል ከጎድኔ ሥር፣ ካላዛር የሚያሳብጠውን ጣፊያ ነካሁት። ጠጠር ይላል... ወይስ ፍርሃቴ ነው?

ጥቅምት 21
ተሳስቻለሁ። ነጥቦቹን ያስቀመጥኩት በየአሥር ቀኑ መሃል ነው። ማስቀመጥ የነበረብኝ መጨረሻው ላይ ነበር። ኡስታዝ ደብተሬን አንስተው «ገና ያልመጣውን ሰው ቆጠርከው» አሉ።
ሁዜይፋ ከኋላ፣ «ምን አለበት ኡስታዝ፣ ቶሎ አሳከማቸው እኮ።» ክፍሉ ሳቀ።
ትክክለኛው ሠላሳ ቀን ነው። ደስ አለኝ። ገና ሁለት ቀን አለኝ ብዬ። ከዚያ ደረሰ ትዝ አለኝ... «እስቲ ሰሊጡ ይታጨድ» ይል ነበር። ሲታጨድ «እስቲ ይራገፍ።» እንደሱ ልሆን ነው?
ስንወጣ ጠየቅኳቸው። «ከአርባው ስንቱ ተረፈ?»
«እሱ ወረቀቱ ላይ የለም። መቼ እንደመጡ ብቻ ነው ያለው።» አተኩረው አዩኝ። «ምነው ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ፣ ከሳህ?»
ሹልክ አልኩ።

ጥቅምት 23
ለእማዬ ነገርኳት። ማሽላ እየለቀመች ነበር። እጇ ቆመ።
«እዚያ ቤት አልልክህም። አንዱ ይበቃኛል።»
«ቤቱ አይደለም እማዬ። ዘግይቶ ነው። ሌላው ሰው ቀድሞ ነው የሚሄደው፣ ግማሹ እስከ ሠላሳ ቀን።»
ማንበብ አትችልም። ጣቷን ይዤ በኩርባው ላይ እስከ ጫፉ ወሰድኩላት። ደረሰ እዚህ ነው አልኳት። ጣቷን አላነሳችም።
«አንተስ ስንተኛ ቀንህ ነው?»
«ሠላሳ።»
ነጠላዋን ፈለገች።

ጥቅምት 24
ካላዛር ነው። ነርሷ ሲስተር ሳና ከጣቴ ደም ወስዳ አየች። «ስንት ቀን ሆነህ?» ሠላሳ አንድ አልኳት፣ ጻፈችው። ዛሬ ሁለት መርፌ። ገና አሥራ ስድስት ቀን ይቀራል። ከጎኔ ያለው ሰውዬ ሲያቃስት ዓይኔን እጨፍናለሁ... በአራተኛው ቀን ምን ይመጣ ይሆን?
እማዬ ደጅ ላይ ተቀምጣለች። ግቢ ቢሏት አልገባችም። ሂጂ ቢሏትም አልሄደችም።